ከቴሌስኮፑ በፊት ልኬቱ፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰማይ ምስክር ይሻል

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች። ቀለበታዊው ግርዶሽ የሚታይበት መስመር ከምዕራብ ኢትዮጵያ ተነሥቶ ላሊበላን አቋርጦ ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ አመራ። ዩኒቨርሲቲዎች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው ስለ ነበር እኔ ላይ ጋይንት፣ ከወላጆቼ ቤት ነበርሁ። ብርሃኑ ደበዘዘ፤ አየሩ ቀዘቀዘ፤ እናቴም ዝናብ የመጣ መስሏት ልታሰጣው ያወጣችውን ብቅል መልሳ አስገባች። ታናሽ ወንድሜ «ስንት ዲግሪ ቀዘቀዘ?» ሲል ጠየቀኝ። የፊዚክስ ተማሪ ነበርሁና ጥያቄው ለእኔ መቅረቡ ተገቢ ነው። መልስ ግን አልነበረኝም። የግርዶሹን ቀንና ሰዓት ከወራት በፊት እያወቅሁ አንድ ቴርሞሜትር እንኳ አላዘጋጀሁም።

ከዚያ ወዲህ ስለ አካባቢያችን ሰማይ ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ያ ጥያቄ ይመለስብኛል። የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ከፍታዎች ለሥነ ፈለክ ምልከታ የተመቹ ናቸው ይባላል፤ ሌሊቱ ጨለማ፣ ተራራው ከፍተኛ፣ ቦታውም ለምድር ወገብ ቅርብ ነውና። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሆኖም ጨለማው ምን ያህል ነው? በዓመት ስንት ሌሊት ይጠራል? በሌሊት አየሩ ምን ያህል ይረጋል? ለእነዚህ ከቦታው በተወሰደ ቁጥር የሚመልስ ጥናት እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፦ ቴሌስኮፕ ከመመኘታችን በፊት ሰማያችንን እንለካ፤ ልኬቱም የእኛ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ሥራ ይሁን።

የእንጦጦ ትምህርት

በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ለአገራችን ሥነ ፈለክ ትልቅ በር ከፍቷል። በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት አላቸው። ዛሬ በአገር ውስጥ ስለ ጋላክሲዎችና ስለ ተለዋዋጭ ከዋክብት የሚጽፍ ወጣት ተመራማሪ መኖሩ ከዚህ ማዕከል መቋቋም ጋር የተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ የክረምቱ ደመናና የአዲስ አበባ መብራት ለቦታው ፈተና እንደሚሆኑ ከምረቃው ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ጉዳይ ነበር። በላሊበላ አካባቢ ባሉት ተራሮች ላይ የላቀ ኦብዘርቫቶሪ የመገንባት ሐሳብም በዚያው ሰሞን የተነሣው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን የምጠቅሰው የእንጦጦን ምርጫ ለመንቀፍ አይደለም። ለከተማ መቅረብ የራሱ ጥቅም አለው፤ መንገዱ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ ኢንተርኔቱና ተማሪው በቅርብ ይገኛሉ። የቦታ ምርጫ ሁሉ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበል ነው። የሚሰጠውንና የሚቀበሉትን ማመዛዘን የሚቻለው ግን ሁለቱም በቁጥር ሲታወቁ ብቻ ነው።

ላሊበላ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ነፋስ መውጫን አልፎ ጋሸና ሲደርስ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል። በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው አገር ከፍተኛ ነው። ከሁሉ በላይ የሚታየው ጉና፣ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የላስታ ተራሮች ለምልከታ ሲታጩ የጉና ተዳፋትም አብሮ መመዘን ነበረበት። ጉና ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ምናልባት ያንስ ይሆናል፤ ማነሱም ቢሆን በልኬት ሊታወቅ ይገባዋል።

ካርታው የሚነግረን፣ ካርታው የማይነግረን

ያለ ምንም መሣሪያ ሊታወቅ የሚችለውን እናስቀድም። ነፋስ መውጫ በሰሜን 11.7 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ትገኛለች። ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሌላው ወገን ደግሞ የደቡብ መስቀል የተባለው የከዋክብት ስብስብ እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ከአንድ ቦታ ሁለቱንም የሰማይ ንፍቀ ክበቦች ለማየት ያስችላል ማለት ነው። ከአውሮፓ ወይም ከደቡብ አፍሪካ ሆኖ ይህን ያህል ሰማይ በአንድነት ማየት አይቻልም።

ኬንትሮሱም ጥቅም አለው። የዘመኑ ሥነ ፈለክ በፍጥነት የሚለዋወጡ ክስተቶችን ወደ መከታተል አዘንብሏል፤ የሚፈነዱ ከዋክብት፣ የሚጋጩ ኒውትሮን ከዋክብት፣ በድንገት የሚደምቁ ጥቁር ጉድጓዶች የዚህ ዘርፍ ጉዳዮች ናቸው። በሰኔ 2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ምስሎቹን ይፋ ያደረገው በቺሊ የሚገኘው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ 8.4 ሜትር መስታወትና 3,200 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዟል። ለአሥር ዓመት በሚያካሂደው አሰሳ በአንድ ሌሊት እስከ 10 ሚሊዮን የሚደርሱ የለውጥ ማሳወቂያዎችን እንደሚልክ ይጠበቃል። በእኛና በቺሊ መካከል 109 ዲግሪ ገደማ የኬንትሮስ ልዩነት አለ፤ ይህም ከሰባት ሰዓት በላይ ነው። ቺሊ ሲነጋ እኛ ዘንድ ቀትር አልፏል፤ ከአምስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥም ይመሻል። በቺሊ ሌሊት የታየውን አዲስ ክስተት በእኛ ሌሊት መከታተል ይቻላል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ሁልጊዜ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። «ኬንትሮሳችን ልዩ ነው» የሚለውን አባባል በአንድ የታወቀ ክስተት ለመፈተን ሞክሬ ነበር። ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሁለት ኒውትሮን ከዋክብት ውሕደት የመጣ የስበት ሞገድ ምድር ደረሰ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ነበር። ሞገዱ ከየትኛው የሰማይ ክፍል እንደ መጣ የሚያሳየው ካርታ ለተመልካቾች የተላከው ከአምስት ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ብርሃኑ ኤንጂሲ 4993 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ የተገኘው ደግሞ ከክስተቱ 11 ሰዓት ያህል በኋላ፣ ቺሊ ሲመሽ ነው። እኛ ዘንድ እኮ ከዚያ በፊት መሽቶ ነበር! ታዲያ ነፋስ መውጫ ላይ ቴሌስኮፕ ቢኖር ኖሮ ቀዳሚ መሆን ይቻል ነበርን?

ስሌቱን ሠራሁት። ካርታው ሲላክ ጋላክሲው ከምዕራብ አድማስ በላይ 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ሊጠልቅ የቀረው ጊዜም ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ላይ ወሩ ነሐሴ ነው። ጉና በነሐሴ ምሽት በደመና የተሸፈነ የመሆኑን ዕድል ለመገመት የጋይንት ሰው መሆን ብቻ ይበቃል። እንግዲህ ኬንትሮሱ ዕድል ይሰጣል እንጂ ዋስትና አይሰጥም። ዕድሉ ስንት እንደ ሆነ የሚነግረን ካርታው ሳይሆን የደመናው መዝገብ ነው።

ደመናው የምርምር ርእስ ይመርጣል

ስለ ክረምት ስናወራ ብዙውን ጊዜ «ሦስት ወር ይባክናል» በማለት እናልፈዋለን። ነገሩ ከዚህ ይጠልቃል። ደመናው የሚወስደው ጊዜን ብቻ አይደለም፤ የተወሰነ የሰማይ ክፍልንም ይወስዳል። የጋላክሲያችን ማዕከል ከነፋስ መውጫ ሲታይ እስከ 49 ዲግሪ ከፍ የሚል፣ ለምልከታ እጅግ የተመቸ ነው። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው በሰኔና በሐምሌ ነው። ክረምቱ የሚሸፍነው እንግዲህ ይህንኑ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ከንጋት በፊት ባሉት ሰዓታት ብቻ ልናገኘው እንችላለን። በበጋው ረጅም ጥርት ያለ ሌሊት የሚያልፉልን ግን ኦሪዮን፣ ቶረስና በደቡብ አድማስ አጠገብ ዝቅ ብሎ የሚታየው ትልቁ የማጄላን ደመና ናቸው።

ስለዚህ በዚህ አካባቢ ለሚቆም ቴሌስኮፕ የትኛው ጥናት እንደሚስማማ የሚወስነው የደመናው የቀን መቁጠሪያ ነው። ስለ ኮከብ መወለድ በኦሪዮን ማጥናት ያዋጣ ይሆናል፤ የጋላክሲ ማዕከልን ማጥናት ላያዋጣ ይችላል። ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት መረጃዎች እዚህ ላይ ይረዳሉ። ለምሳሌ ኢአርኤ5 የተባለው የአውሮፓ የመረጃ ክምችት ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሰዓቱ የደመና ግምት ይሰጣል። ይሁንና አንዱ የመረጃ ሕዋስ 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የጉናን ጫፍና ከሥሩ ያለውን ደጋ በአንድ አማካይ ቁጥር ያጠቃልላቸዋል፤ የስማዳን አምባና ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርደውን ገደልም እንዲሁ። በእንዲህ ያለ አገር ደመናው ከአምባው በታች ተኝቶ ጫፉ ጥርት የሚልበት፣ ወይም ጫፉ ብቻ ቆብ እንደ ደፋ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ይህን ልዩነት የሚያውቀው በቦታው የቆመ መሣሪያ ነው።

ነፋሱም እንደዚሁ ነው። ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው ያለ ምክንያት አይመስልም። ያለ ሁከት የሚፈስ ነፋስ ለምልከታ ብዙ አይጎዳም፤ ከገደል አፋፍ ጋር ተጋጭቶ የሚናወጥ ነፋስ ግን የኮከቡን ምስል ያርገበግበዋል። የትኛው የእኛ ነው? መልሱን ስሙ አይሰጠንም።

ቀድሞ የለካ ምን አገኘ?

ቀድሞ መለካት ምን እንደሚያስገኝ በቻይና በቲቤት አምባ ላይ የሚገኘው ሌንሁ ያሳያል። ተመራማሪዎች ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ ላይ ለሦስት ዓመታት ደመናን፣ የሰማይ ጨለማንና የአየር መናወጥን ለኩ። ውጤቱን በ2021 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ሲያሳትሙ የጠራ ሌሊት ድርሻው 70 በመቶ፣ የምስል ጥራት መካከለኛ ዋጋውም 0.75 አርክ ሰከንድ መሆኑን አስታወቁ። ያ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ስለ ሌንሁ የሚያውቅ የውጭ ተመልካች ጥቂት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ቦታው በዓለም ካሉ ምርጥ ተራሮች ጋር የሚነጻጸር ሆነ። ተራራው ያው ተራራ ነው። የተጨመረው የሦስት ዓመት መዝገብ ነው።

ልኬቱ የሚያስቸኩልበትም ምክንያት አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት ከ51,000 በላይ የሆኑ የበጎ ፈቃደኞች ምልከታዎችን ተንትኖ የሌሊት ሰማይ ብሩህነት በዓመት በአማካይ 9.6 በመቶ እንደሚጨምር ደምድሟል። በዚህ ፍጥነት ከስምንት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ምልከታዎቹ በአብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የተሰበሰቡ በመሆናቸው ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ ጋይንት ማምጣት አይቻልም። ነገር ግን መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳ፣ አርብ ገበያና ነፋስ መውጫ እያደጉ ነው፤ የመንገድ መብራትም ይገባቸዋል። የዛሬው ጨለማ ሳይመዘገብ ካለፈ ነገ ምን እንዳጣን ለመናገር እንኳ መነሻ አይኖረንም።

«የት አስመሰከርህ?»

የአገራችን ሰው ይህን አሠራር ከሌላ ሊማር አይገባውም ነበር። ጋይንት የአብነት ትምህርት አገር ናት። ድጓ የተማረ ሁሉ ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ዙር አምባ ይሄዳል። አንድ ደቀ መዝሙር ድምፁ ቢያምር፣ መንደሩ ሁሉ ቢያመሰግነው «የት አስመሰከርህ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ምስክርነት የሌለው ዕውቀት ዕውቀት አይደለም ማለት አይደለም፤ ለሌላው ማስተላለፍ ግን አይፈቀድለትም። ሰማያችንም እንዲሁ ነው። ሁላችንም እናመሰግነዋለን፤ ገና አላስመሰከረም።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። ስማዳና ታች ጋይንት ድርቅ በተደጋጋሚ የጎበኛቸው፣ ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት የሚረዳባቸው ወረዳዎች ናቸው። እህል ለጎደለበት ሰው ስለ ኮከብ ማውራት ተገቢ ነውን? እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና ጥያቄውን በቀላሉ አላየውም። ነገር ግን እዚህ የምጠይቀው ኦብዘርቫቶሪ አይደለም። ደመናን የሚመዘግብ ካሜራ በቆመበት ምሰሶ ላይ የዝናብ መለኪያ፣ ቴርሞሜትርና የነፋስ መለኪያ አብረው ይቆማሉ። ዝናቡ መቼ ገባ፣ መቼ ተቋረጠ፣ ውርጩ በየትኛው ሌሊት ወረደ የሚለው መዝገብ ለግብርና ባለሙያው ከሥነ ፈለክ ተመራማሪው ይልቅ ይጠቅመዋል። ሁለቱ ጥቅሞች በአንድ ምሰሶ ላይ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ አይገኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመካከላችን የሚነሣ ነው፤ «ጋያ፣ ቴስና ሌሎችም የጠፈር ቴሌስኮፖች መረጃቸውን በነፃ እየሰጡ ለምን ተራራ እንወጣለን?» ይላል። የእኔም የመመረቂያ ጽሑፍ በእንዲህ ያለ መረጃ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አላፍርበትምም። ነገር ግን የጋይንትን ሰማይ ከየትም የመረጃ ማከማቻ ማውረድ አይቻልም። በዓለም ላይ ይህን መረጃ ልናወጣ የምንችለው እኛው ነን፤ ከሌሎች ጋር እኩል ሆነን የምንቀርበውም ሌሎች የሌላቸውን ስንይዝ ነው።

ሦስተኛው የጸጥታ ጉዳይ ነው። ባለፉት ዓመታት ጦርነት በእነዚህ ወረዳዎች አልፏል፤ የመስክ ሥራም አስቸጋሪ ሆኗል። ይህ እውነት ነው። ስለዚህም ነው ትንንሽ፣ ብቻቸውን የሚሠሩ፣ በትምህርት ቤት ግቢ በመምህራን ሊጠበቁ የሚችሉ መሣሪያዎችን የምመርጠው። ከዋና ከተማ የሚመላለስ ቡድን ሲቋረጥ ሥራውም ይቋረጣል፤ በቦታው ያለ መምህር ግን እዚያው ያድራል።

ምን ይደረግ?

ሐሳቤ በሦስት ቦታዎች ይጀምራል፦ አንድ በጉና ተዳፋት፣ አንድ በነፋስ መውጫ፣ አንድ በወገዳ። በእያንዳንዱ ቦታ የሰማይ ብሩህነት መለኪያ፣ ሙሉ ሰማይ የሚያነሣ ትንሽ ካሜራና የአየር ሁኔታ መሣሪያ ይቁም። በእጅ የሚያዘው የብሩህነት መለኪያ ዋጋው ከአንድ መካከለኛ ስማርት ስልክ አይበልጥም። አሠራሩም ቀላል ነው፤ የአንድን የሰማይ ቁራጭ ብሩህነት በማግኒቲዩድ በካሬ አርክ ሰከንድ ይሰጣል። የተፈጥሮ ጨለማ ወደ 22 ሲጠጋ በትልቅ ከተማ መካከል 18 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። የአራት ማግኒቲዩድ ልዩነት 40 እጥፍ ያህል የብርሃን ልዩነት ነው። የአየር መናወጥ ልኬት ውድ መሣሪያ ስለሚፈልግ ለሁለተኛው ምዕራፍ ይቆይ፤ ደመናው ተስፋ ካልሰጠ ጭራሹን አያስፈልግም።

ልኬቱ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዓመት ይቀጥል፤ ክረምትን ሳይዘል። ከሁሉም ቅርብ የሆነው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቢያስተባብረው እያንዳንዱ ምዕራፍ የአንድ ተማሪ የማስተርስ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። መረጃው ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ውጤቱም አስደሳች ባይሆን እንኳ ይታተም። «ጉና ለምልከታ አይስማማም» የሚል በቁጥር የተደገፈ ጽሑፍ ለአገር ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ ከምስጋና ጽሑፍ ይልቅ የሚከበር ነው። ጉና ጅብራ የሚበቅልበት፣ ለወንዞች መነሻ የሆነ ጥብቅ ቦታ በመሆኑ፣ የማያስፈልግ ግንባታን ማስቀረት በራሱ ትርፍ ነው። ከተሞቹም የመንገድ መብራት ሲገዙ ብርሃኑን ወደ ታች ብቻ የሚመልሰውን፣ ቀለሙ ሞቅ ያለውን ቢመርጡ መንገዱም ይበራል፣ ሰማዩም ይተርፋል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ የፀሐይ ግርዶሽ ይመጣል። ሙሉ ግርዶሹ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ይታያል፤ በእኛ ዘንድ ከቀትር በኋላ ከፊል ግርዶሽ ይሆናል። ክረምት ነውና ደመና ሳይሸፍነው አይቀርም ይሆናል። ቢሸፍነውም ቴርሞሜትሩ ይሠራል፤ የብርሃን መለኪያውም ይሠራል። ወንድሜ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። በዚያ ቀን በየአሥር ደቂቃው ንባቡን እንዲጽፍ ደብተር ሰጥቼዋለሁ፤ ልምምዱንም ካለፈው ወር ጀምሮ በየማታው ይዞታል።